ምዕራፍ አምስት፦ ከቦሌ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

አዲስ አበባ ከዋሽንግተን ስንት ሰዓት እንደሚርቅ ሁለት መንገደኞችን ይጠይቁ። ሰሞኑን የሄደው 17 ሰዓት ገደማ ይልዎታል፤ ሰሞኑን የመጣው ደግሞ 13። አንዳቸውም አልዋሹም። የተሳፈሩት በአንድ አየር መንገድ ነው፤ አውሮፕላኑም ምናልባት አንድ ዓይነት ነው። የሚለያዩት አንዱ ሄዶ፣ ሌላው መጥቶ በመሆኑ ብቻ ነው። አራት ሰዓት ግን እንደዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ ከቦሌ ተነስቶ ዱባይ የሚያደርስ ጊዜ ነው።

ርቀቱን ከጠየቁ መልሱ አንድ ነው። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ (ከቴክሳሱ ዳላስ ጋር እንዳይምታታ) በአጭሩ መንገድ 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ቁጥር ሲሄዱም ሲመጡም፣ በክረምትም በበጋም ያው ነው። ሰው ደግሞ ቁጥሩን አንዴ ካገኘ ለአውሮፕላኑ ፍጥነት አካፍሎ ሰዓቱን ያወጣና ጉዳዩን ይዘጋዋል። በእኔ እምነት ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ኪሎ ሜትሩን የምድር ቅርጽ ይወስነዋል፤ ሰዓቱን ግን ነፋሱ፣ የመነሻው ከፍታና በመሬት ላይ ያለው ፖለቲካ ይካፈሉታል። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ለማየት አንድ ሉል እና አንድ ክር ይበቃል። የክሩን አንድ ጫፍ አዲስ አበባ ላይ በጣትዎ ይጫኑት፤ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ አድርገው ይወጥሩት። ክር ሲወጠር ራሱ አጭሩን መንገድ ይመርጣል። አሁን የት የት እንደሚያልፍ ልብ ይበሉ። ከካርቱም ትንሽ ወደ ደቡብ ብሎ ሱዳንን ያቋርጣል፤ ሊቢያን በሰያፍ ይሄድባታል፤ የቱኒዚያን ደቡብ ነካ አድርጎ አልጄሪያ ይገባል። ከዚያ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ ከኮርዶባ ብዙም ሳይርቅ በደቡብ ስፔን ያልፍና በፖርቱጋል በኩል አትላንቲክ ላይ ይወጣል። አሜሪካም ሲደርስ ዋሽንግተን ላይ ዘጭ አይልም፤ ናንተኬት በተባለችው ደሴት አጠገብ አልፎ፣ በኒው ጀርሲ ዳርቻና በፊላደልፊያ አካባቢ አድርጎ ከሰሜን ምሥራቅ ነው የሚገባው።

ይህንኑ ከትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ ቢሞክሩት ሌላ ነገር ያገኛሉ። ማስመሪያው ቻድን፣ ኒጀርንና ሰሜን ማሊን አቋርጦ በምዕራብ ሰሃራ በኩል ውቅያኖስ ይገባል፤ አውሮፓን በሩቁም አያያትም። ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ ይህኛው መንገድ 12,090 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከክሩ መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ጥፋቱ የማስመሪያው አይደለም። በ1569 ፍላንደርሳዊው ሜርካቶር ይህን ዓይነት ካርታ ሲያወጣ ያሰበው ለመርከበኞች ነበር፤ የኮምፓሳቸውን አቅጣጫ ሳይቀይሩ ቢቀዝፉ የሚሄዱበት መንገድ ካርታው ላይ ቀጥ ብሎ እንዲታያቸው። ለዚያ ሲል የምድርን ሰሜንና ደቡብ ለጠጠው። አጭሩን መንገድ እንዲያሳይ ተሠርቶ አያውቅም፤ እኛ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ እንደዚያ ስናነበው ኖርን።

በስሌት ከሄድንም አስቸጋሪ አይደለም። የምድር ዙሪያ 360 ዲግሪ ነው፤ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ያለው ቅስት ከዚያ ውስጥ 104 ዲግሪውን ይወስዳል። አንድ ዲግሪ 60 የማዕዘን ደቂቃ አለው፤ አንዱ የማዕዘን ደቂቃ በምድር ገጽ ላይ አንድ ኖቲካል ማይል፣ ማለትም 1,852 ሜትር ነው። 104ን በ60 ሲያባዙት 6,240 ኖቲካል ማይል፤ ወደ ኪሎ ሜትር ሲለውጡት ከላይ የጠቀስነው ቁጥር ይመጣል። አብራሪዎች እስከ ዛሬ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በኖቲካል ማይል የሚያስቡት የምድር ክብነት ራሱ መለኪያው ውስጥ ስላለ ነው።

ወደ አራቱ ሰዓት እንመለስ። ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ መንገድ ላይ ያርፋል፤ በአንድ ዘመን ሮም፣ በኋላ ለዓመታት የአየርላንድ ዋና ከተማ ደብሊን። ሲመለስ ግን አያርፍም። ብዙ መንገደኛ «ደብሊን ድረስ ወደ ሰሜን እየወጣን እንዞራለን» ብሎ ያማርራል። በሉሉ ላይ ሲለካ ግን መዞሩ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,370 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደብሊን ዋሽንግተን 5,460 ገደማ ነው፤ ሲደመር ከቀጥተኛው መንገድ የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዘመኑ አውሮፕላን ሩብ ሰዓት ቢያልፍ ጥቂት ነው። ሮምማ ከዚያም ያነሰ፣ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ታስረዝም ነበር። የቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ ብትሆን ነበር ነገሩ የሚለወጠው፤ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ትጨምራለች። ስለዚህ ደብሊን የተመረጠችው ያለቦታዋ አይደለም፤ አጭሩ መንገድ ደጃፍ ላይ ናት ማለት ይቻላል። ጥያቄው ለምን እዚያ ቆመ ሳይሆን ለምን መቆም አስፈለገው የሚለው ነው።

መልሱ ከመነሻው ይጀምራል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው አየር አንድ አምስተኛው ይጎድለዋል፣ ቀኑ ሞቅ ሲል ደግሞ ጉድለቱ ወደ ሩብ ይጠጋል። ከባሕር ዳር አገር መጥቶ የእንጦጦን ዳገት የሞከረ እንግዳ ደረቱ የሚነግረውን ያንኑ ነገር አውሮፕላኑም በራሱ መንገድ ያየዋል። ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል። ክንፉም አውሮፕላኑን ከመሬት ለማንሳት በቂ አየር በላዩና በታቹ ማሳለፍ አለበት፤ አየሩ ስስ ከሆነ ፍጥነት መጨመር ግድ ይለዋል። እንግዲህ ጉልበቱ የቀነሰ ሞተር የበለጠ ፍጥነት እንዲያመጣ ተጠየቀ ማለት ነው። ለዚያ ረጅም ማኮብኮቢያ ያስፈልጋል። የቦሌው 3,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ረጅም ነው፣ ግን ማለቂያ አለው። ጎማውም ቢሆን ሳይበጠስ ሊሽከረከር የሚችልበት የፍጥነት ወሰን አለው።

ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ መንገደኛው የማያስበው ሕግ ነው። ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው ሊነሳ ሲል፣ መቆም ከማይችልበት ፍጥነት ካለፈ በኋላ አንዱ ሞተር ቢጠፋ በቀረው አንድ ሞተር ብቻ ተነስቶ፣ በዙሪያው ካሉት ተራሮች በላይ ወጥቶ፣ ተመልሶ ማረፍ መቻል አለበት። ይህ የሚሰላው እያንዳንዱ በረራ ከመነሳቱ በፊት ነው፤ በዕለቱ ሙቀት፣ በዕለቱ ነፋስ፣ በዕለቱ ክብደት። ከከተማዋ በስተሰሜን ደግሞ 3,200 ሜትር ገደማ የሚደርሰው እንጦጦ ቆሟል። ስሌቱ አልገጥም ካለ የሚቀነሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክብደት።

ከምኑ ይቀነስ? የአውሮፕላኑ አካል አይቀነስም። የሚቀሩት ሰው፣ ጭነትና ነዳጅ ናቸው። በዚህ መስመር የሚሄድ ሰው በተለምዶ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዱለታል፤ እነሱም በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽና ቆሎ ተጠቅጥቆባቸው እስከ መጨረሻዋ ግራም ይሞላሉ። 300 ሰው ብንል የሻንጣው ብቻ ወደ 14 ቶን ይመጣል። በዚህ መስመር ለዓመታት የሠራው ቦይንግ 777-200ኤልአር በአንድ ሰዓት በረራ ሰባት ቶን ገደማ ነዳጅ ያቃጥላል። ስለዚህ የመንገደኛው ሻንጣ በሙሉ ቢቀር የሚተርፈው የሁለት ሰዓት ነዳጅ ነው። ሌላም ችግር አለ። ነዳጅ ራሱ ክብደት ነው። የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ሩቅ አገር ሲሄድ ከበቅሎዎቹ አንዳንዶቹን የሌሎቹን ቀለብ ለመሸከም ብቻ ያሰልፍ እንደነበረው፣ አውሮፕላኑም መጨረሻ ላይ የሚያቃጥለውን ነዳጅ ለመሸከም መጀመሪያ ላይ ተጨማሪ ነዳጅ ያቃጥላል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ከተጫነው ነዳጅ ውስጥ ራሱን ለመሸከም የሚውለው ድርሻ ይጨምራል።

አየር መንገዱ ያደረገው ምርጫ ገበያውን የሚያውቅ ሰው ምርጫ ነው፤ ሰዉንና ሻንጣውን ይዞ ነዳጁን ቀነሰ። ከቦሌ የሚነሳው እስከ አውሮፓ ዳርቻ የሚያደርሰውንና መጠባበቂያውን ይዞ ነው፤ የቀረውን እንደ ደብሊን ባለ ማረፊያ ይቀዳል። የደብሊን ማረፊያ ከባሕር ብዙም ከፍ አይልም፤ አየሩ ወፍራምና ቀዝቃዛ ነው። ዋሽንግተን ደለስም እንዲሁ 95 ሜትር ላይ ብቻ ነው ያለው። ለዚህ ነው ከዚያ የሚመጣው አውሮፕላን ታንኩን እስከሚያስፈልገው ድረስ ሞልቶ፣ ሰውና ሻንጣ ጭኖ፣ የትም ሳያርፍ ቦሌ የሚገባው። ቦሌ ሲደርስ አብዛኛውን ነዳጅ አቃጥሏልና ቀሏል፤ ስሱ አየር ለማረፍ ያን ያህል አይከለክለውም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አባባል ላርም። «አውሮፕላኖቻችን እስከ አሜሪካ በቀጥታ መብረር አይችሉም» ሲባል እሰማለሁ። ይችላሉ። 777-200ኤልአር በ2005 ከሆንግ ኮንግ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ፣ በፓስፊክና በአሜሪካ ላይ አድርጎ ለንደን የገባ ሲሆን 21,602 ኪሎ ሜትር ሳያርፍ ሄዷል። ያ ለሙከራ የተደረገ፣ ተሳፋሪ ያልሞላበት በረራ ነበር፤ ግን ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ካለው ርቀት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። አውሮፕላኑ አቅም አላነሰውም። መነሻው ከፍ ብሎበት ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ሜክሲኮ ሲቲ 2,230 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የዱባዩ ኤምሬትስ ወደዚያ የከፈተው በረራ በባርሴሎና በኩል የሚመላለሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ጆሃንስበርግ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ ከኒው ዮርክ ሲመለስ በቀጥታ እየገባ፣ ሲሄድ ግን በምዕራብ አፍሪካ በኩል የሚያርፍበት ጊዜ ነበር። በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያም ጥቅሙ የመንገደኛ ብዛት ማስተናገዱ ብቻ አይደለም፤ ከቦሌ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ለተራ ሰው 400 ሜትር ቁልቁለት ምንም ላይመስል ይችላል፤ ለአንድ ከባድ አውሮፕላን ግን በርካታ ቶን ተጨማሪ ነዳጅ ነው።

በቀጥታ ስለመምጣት ከተነሳ አንድ የተረሳ ታሪክ አለ። በ1984 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለራሱ የገዛውን ቦይንግ 767-200ኢአር ሲረከብ አውሮፕላኑ ከዋሽንግተን ተነስቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ 12,082 ኪሎ ሜትር በረረ፤ ይህም በዚያን ጊዜ ለባለሁለት ሞተር አውሮፕላን የዓለም የርቀት ክብረ ወሰን ነበር። አገሪቱ በደርግ ዘመን፣ በድርቅና በጦርነት መካከል ሆና፣ ዋሽንግተን የሚመላለስ መደበኛ መስመርም ገና ሳይኖራት ነው ይህ የሆነው፤ የአሜሪካው መስመር የተከፈተው ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1998 ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ የተበረረው ርቀት ከክሩ መንገድ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበልጣል። አውሮፕላን እንደ ክር አይወጠርም፤ የተፈቀደለትን የአየር መስመር፣ የሚመቸውን ነፋስ እየተከተለ ይታጠፋል። ሁለተኛ፣ ሰዓቱ። ዛሬ ከ40 ዓመት በኋላ በዚያው መስመር ላይ የሚፈጀው ጊዜ ያው 13 ሰዓት ገደማ ነው። የአውሮፕላን ሞተር ቆጣቢ ሆኗል፣ ድምፁ ቀንሷል፣ የሚሄድበት ርቀት ረዝሟል፤ ፍጥነቱ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ሁሉም በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይቆማሉ፤ ከዚያ በላይ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጉ አየሩ የሚጥልባቸው ተቃውሞ በድንገት ስለሚያይል ነዳጁ አያዋጣም። በ1962 ቦሌ የደረሰው የአየር መንገዱ የመጀመሪያ ጄት፣ ቦይንግ 720ቢ፣ በፍጥነት ረገድ ከዛሬው ድሪምላይነር ብዙ የሚያንስ አልነበረም።

አሁን ነፋሱ። ከምድር በላይ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጎርፉ ጠባብና ፈጣን የነፋስ መስመሮች አሉ፤ ጄት ስትሪም ይባላሉ። መነሻቸው በሞቃቱ የምድር ወገብ አየርና በቀዝቃዛው የዋልታ አየር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው፤ የምድር መሽከርከር ደግሞ ነፋሱን ወደ ምሥራቅ ያጣምመዋል። በሰሜኑ የብርድ ወራት ልዩነቱ ስለሚሰፋ ነፋሱ ይበረታል፤ አንዳንዴ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ይህን ነፋስ በጥንቃቄ ከለኩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ጃፓናዊው ዋሳቡሮ ኦይሺ ነበር፤ በ1920ዎቹ ፊኛ እየለቀቀ። ውጤቱን ዓለም ሁሉ እንዲያነብለት ብሎ በ1926 ለዓለም አቀፍ መግባቢያነት በተፈጠረው በኤስፔራንቶ ቋንቋ አሳተመው፤ ያነበበው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። አሜሪካኖቹ ነገሩን የተማሩት በ1944 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖቻቸው ጃፓን ሰማይ ላይ ከነፋሱ ጋር ሲላተሙ ነው። ጃፓኖቹ ደግሞ በዚያው ዘመን ቦምብ ያንጠለጠሉ ፊኛዎችን በዚሁ ነፋስ ላይ እየለቀቁ አሜሪካ ድረስ ላኩ።

ለእኛ መስመር ሒሳቡ እንዲህ ነው። አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ከአየሩ አንጻር ነው። በመንገዱ ሁሉ በአማካይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አለ እንበል። ወደ ምዕራብ ሲሄድ ፍጥነቱ ከመሬት አንጻር 820 ይሆናል፤ 11,560 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ 14 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ያህል ማለት ነው። ወደ ምሥራቅ ሲመለስ 980 ይሆናል፤ 11 ሰዓት ከ48 ደቂቃ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ልዩነት በነፋስ ብቻ መጣ። በላዩ ላይ ደብሊን ላይ የሚቆምበትን አንድ ሰዓት ገደማ፣ ለመውረድና እንደገና ለመውጣት የሚባክነውን፣ የተጨመረውን 270 ኪሎ ሜትር ይጨምሩበት፤ ከአራቱ ሰዓት የሚቀር ነገር የለም። ስሌቱ ሌላም ነገር ያሳያል። ነፋስ ባይኖር ደርሶ መልሱ 25 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ይወስድ ነበር፤ ከነነፋሱ ግን 25 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ገደማ ሆነ። ነፋሱ ሲመለሱ የሚሰጠው ሲሄዱ ከወሰደው ሁልጊዜ ያንሳል፤ ምክንያቱም በተቃራኒው ነፋስ ውስጥ የሚቆዩት ረዘም ላለ ጊዜ ነው።

ልዩነቱ የምድር መሽከርከር ነው የሚል ሰው አያጡም፤ አውሮፕላኑ አየር ላይ እያለ ምድር ከሥሩ ትዞርለታለች ይላሉ። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ሄሊኮፕተር ቦሌ ላይ አንድ ሰዓት ተንሳፍፎ ቢወርድ ሌላ አገር ባገኘው ነበር። አየሩ ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል፤ አውሮፕላኑም ከመነሳቱ በፊት እየዞረ ነበር።

ነፋሱ ዕለት ዕለት ቦታውን ስለሚቀያይር በሰሜን አትላንቲክ ላይ የሚበሩ አውሮፕላኖች መንገድም ዕለት ዕለት ይቀየራል። በአየርላንድና በብሪታንያ በኩል ያለው የሻንዊክ፣ በካናዳ በኩል ደግሞ የጋንደር ተቆጣጣሪዎች የነገውን ነፋስ አይተው ለሚሄዱትና ለሚመጡት ለየብቻ መስመር ያወጣሉ። ወደ ምሥራቅ የሚሄዱት ነፋሱ ላይ ይሳፈራሉ፤ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት ይሸሹታል። በየካቲት 2020 ኃይለኛ ማዕበል በነበረበት ሌሊት አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ 747 ከኒው ዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ። 

ከነፋስ ይልቅ የማያመቸው ግን ሰው የዘጋው ሰማይ ነው። ክሩ የሚያልፈው በሱዳንና በሊቢያ ላይ ነው ብለን ነበር። በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ የአገሪቱ ሰማይ ለሲቪል አውሮፕላን ተዘጋ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወጡ በረራዎችም በቀይ ባሕርና በግብፅ በኩል መዞር ያዙ። ቀደም ሲል ደግሞ ከ1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት እስከ 2018 ድረስ 20 ዓመት ሙሉ የኤርትራ ሰማይ ለእኛ አውሮፕላኖች ዝግ ነበር። በአፓርታይድ ዘመን የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ በአብዛኛው አፍሪካ ላይ እንዳይበር ተከልክሎ የአህጉሩን ምዕራባዊ ዳርቻ ዞሮ ነበር አውሮፓ የሚገባው። ከ2022 ወዲህ ደግሞ ሩሲያ ሰማይዋን በመዝጋቷ የፊንላንዱ አየር መንገድ ወደ ቶኪዮ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበት የነበረው ወደ 13 ሰዓት ሄዷል። ሉል ላይ የተዘረጋ ክር ድንበር አያውቅም፤ አብራሪው ግን ለሚረግጠው ለእያንዳንዱ አገር ሰማይ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ኪራይም ይከፍላል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ትኬት ላይ ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ግርታ ይፈጥራል። ትኬት ላይ የሚታየው ጊዜ አውሮፕላኑ በአየር ላይ የሚቆይበት ብቻ አይደለም፤ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ አንስቶ መድረሻው ላይ ቦታውን ይዞ እስከሚቆምበት ያለው ነው። በዚያ ላይ ሁለቱም ሰዓቶች በየአገሩ አቆጣጠር ነው የሚጻፉት። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በበጋቸው ሰባት ሰዓት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ትቀድማለች። እንበልና ትኬቱ ከቦሌ 22:30 ተነስቶ በማግስቱ 08:30 ዋሽንግተን ይደርሳል ቢል፣ ዓይን የሚያነበው አሥር ሰዓት ነው፤ ሰባቱን ሲጨምሩበት 17 ይሆናል። ሲመለስ ረፋድ 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 07:00 ቦሌ ይገባል ቢል ደግሞ 20 ሰዓት ይመስላል፤ ሰባቱ ሲቀነስ 13 ነው። እናቶች «ስትሄድ ቶሎ ደረሰች፣ ስትመጣ ቆየች» የሚሉት ከዚህ ነው፤ እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ለአገር ቤት ተቀባይም ለተጓዥም ከሁሉ የሚከፋው የሌሊቱ ትኬት ነው። በትኬት አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው፤ በእኛ አነጋገር ግን ሌሊቱ የሚቆጠረው ለመሸው ቀን ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:15» ሲል፣ በእኛ ሰኞ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከሩብ ነው። ይህን ባለማስተዋል ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን እየገፋ ቦሌ የሚደርስ፣ አውሮፕላኑ ግን ከወጣ አንድ ቀን ሊሞላው የቀረ ሰው ሁልጊዜ አለ። ስለዚህ ትኬትዎ ላይ ከ00:00 እስከ 05:59 ያለ ሰዓት ካዩ ቀኑን «ለማክሰኞ አጥቢያ» ብለው ያንብቡት፤ ቦሌ መገኘት ያለብዎትም ሰኞ ማታ ነው።